ስለ ዓሣ ጥያቄ ሲመጣ

ተክለ ሃይማኖት ለሽምግልና ቤቴ በመጣ ዕለት ካልሲው ቀዳዳ ነበር። ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ የግራ እግሩ አውራ ጣት ብቅ ብላ አየኋት። የሌላ ሰው ቢሆን አይቼ እንዳላየሁ እሆን ነበር። የእሱን ግን በደንብ አየሁት።

ሦስት ሆነው ነው የመጡት። ቤታችን ለንደን ውስጥ ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ ካሉት የካውንስል፣ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች አንዱ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ተክለ ሃይማኖት ሰባ አራት ዓመቱ ነውና ትንፋሹ እስኪመለስ ሁለቱ ሽማግሎች ግራና ቀኝ ቆመው ጠበቁት። ባለቤቴ ኣስካሉ "ኧረ ተቀመጡ" አለች። እሱ እንደ ወጉ እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ "የመጣንበትን ጉዳይ ሳትሰሙን አንቀመጥም" አለ። የእህቱ ልጅ ባርኮት የኔን ልጅ ዳናዊትን ሊያገባ ይፈልጋል። እሱም ሊለምንለት ነው የቆመው።

እኔም አቆምኩት። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ አራት ደቂቃ ሙሉ አቆምኩት። ኣስካሉ በክርኗ ጎኔን ነካ ስታደርገኝ ነው "ተቀመጡ፣ እንስማችሁ" ያልኩት።

ምክንያት አለኝ። በፈረንጅ 1998 ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ አዳራሽ ተከራይተን የማኅበር ስብሰባ ነበረን። ተክለ ሃይማኖት ሊቀመንበር ነበር። አገር ቤት አስተማሪ፣ እዚህ ደግሞ አስተርጓሚ፣ ባለ መነጽር፣ ባለ ከረባት። የዚያን ቀን የተነሣው ነገር ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩበት ክፍል ጠፋ የሚል ነው። እኔ ክፍል አግኝቻለሁ። አውቶቡስ የማጥብበት ጋራዥ አለቃ ቅዳሜ ባዶ የሚሆን ክፍል አለ፣ ውሰዱት ብሎኛል፣ በነጻ። ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ መጥረጊያ ይዤ የምናገረውን ስለማመድ ነው የከረምኩት። ሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው በሰው ፊት ሲናገር እንደሌላው አይቀለውም። እጄን አወጣሁ። ተክለ ሃይማኖት በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝና፣

"ምድሃኔ፣ ስለ ዓሣ ጥያቄ ሲመጣ አንተን እናስነሳሃለን" አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰባ ሰው ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንግ ይዤ ባቡር ላይ እንደምውል፣ ስመለስም እንደምሸት ሁሉም ያውቃል። ዳናዊት የሦስት ዓመት ልጅ ሆና እናቷ ጭን ላይ ነበረች። ኣስካሉም ሳቀች። ትንሽ ነው የሳቀችው፣ ግን ሳቀች። እጄን አወረድኩ። ልጆቹ ያን ዓመት ሳይማሩ ቀሩ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። እንግዲህ ያ ሰው ነው ካልሲው ተቀዶ ሳሎኔ ውስጥ ቆሞ ልጅህን ስጠን የሚለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜም "እርስዎ" አለኝ።

የሽምግልናው ወግ ይታወቃል። የመጀመሪያ ቀን ልጅ አይሰጥም። ወዲያው እሺ ያለ አባት ልጁ የከበደችው ነው የሚመስለው። "ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ በዚህ ቀን ተመለሱ" ይባላል፤ ቀን ይቆረጣል፤ ሽማግሎቹም በተቆረጠው ቀን ይመለሳሉ። እኔም "ተመካክረን እንነግራችኋለን" አልኩ። ቀን ግን አልቆረጥኩም። ሻይ ጠጡ፣ ኣስካሉ ያቀረበችውን በሉ፣ ተነሡ። በር ላይ ተክለ ሃይማኖት ጫማውን እያሰረ ቀና ብሎ አየኝ። ቀን ይናገራል ብሎ ጠበቀ። "ደረጃው ጨለማ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ" ብዬ ዘጋሁ።

ማክሰኞ ዳናዊት ከሥራ ቀጥታ መጣች። የሆስፒታል ፋርማሲስት ናት፣ ባጇ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። ካፖርቷን አላወለቀችም።

"አባዬ፣ ለምን እምቢ አልክ?"

"እምቢ ማን አለ? እምቢ አላልኩም።"

"ለባርኮት አጎቱ ነግሮታል። ቀን አልሰጠም አለ። ኖ ዴት። ያ ማለት እምቢ ማለት ነው አለው።"

"ባርኮት ብሪክስተን ተወልዶ ብሪክስተን ያደገ ልጅ ነው። ስለ ሽምግልና ምን ያውቃል?"

"እሱማ ምንም አያውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ። ለዚህ ነው የጠየቅኩህ።"

ወደ ኩሽናው አየሁ። እናቷ ከኩሽና ሆና ሳህን የምታጥብ መስላ ትሰማለች፤ ቧንቧው አልተከፈተም።

"ስማኝ አባዬ" አለች ዳናዊት። "እኛ እንጋባለን ብለን ለመዘጋጃ ቤት ኖቲስ ከሰጠን ወር አልፎናል። ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቡክ አድርገናል። ሁለት ምስክር ነው የሚያስፈልገው። መጀመሪያ አንተ ትመርቃለህ፣ ከዚያ እንፈርማለን ነበር ሐሳባችን። ካልመረቅክም እንፈርማለን። ያለ አንተ። እማዬን አስቸግሬ ደብቂ አልላትም፣ ትመጣለች። አንተ ቤት ትቀመጣለህ።"

"ታስፈራሪኛለሽ?"

"አላስፈራራህም። ቀኑን ነገርኩህ። አንተ ቀን መናገር ስላቃተህ እኔ ተናገርኩ።"

ወጣች። ኣስካሉ እጇን በፎጣ እየጠረገች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ያቺን የአዳራሽ ነገር ነው አይደል?" አለች።

"የቷን?"

"አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬህ ኖሬያለሁ። የቷን ይለኛል ደግሞ።"

"አንቺም ስቀሻል" አልኳት።

"ስቄያለሁ" አለች። "ያን ሌሊት ይቅርታ ጠይቄህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኛህ። እስካሁንም አልዞርክም።"

እንዲህ ሲሉኝ አልደነገጥኩም። ተክለ ሃይማኖት ተመልሶ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። መጠበቅ የኔ ሥራ ነው። ለንደን ውስጥ ካሉ አበሾች ሁሉ መቼ እንደሚጠበቅና መቼ እንደሚሳብ እንደኔ የሚያውቅ ካለ ይምጣና እንወራረድ።

ይህን የተማርኩት አሰብ ነው። አባቴ ወደብ ላይ ተሸካሚ ነበር፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስቀር ሑመድ ለሚባል አፋር ዓሣ አጥማጅ ሰጠኝ። ዘንግ የለም፣ ክሩ በእጅ ነው። ሑመድ ክሩን ጠቋሚ ጣቴ ላይ ያሳርፍና ዓይንህን ጨፍን ይለኛል። ሸርጣን ሲነካ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ ጥፍር መስታወት ላይ እንደሚያንኳኳ፤ ለእሱ አይሳብም፣ ትልህን ብቻ ነው የሚበላህ። አፈ ትንሹ ዓሣ ይነካና ይተዋል፣ ይነካና ይተዋል፤ ከጫፉ እየጠባ ነው የሚያስገባው፣ ለእሱ እስከ አሥር ትቆጥራለህ። ይዞ የሚሮጠው ዓሣ ደግሞ ሌላ ነው። ለእሱ እስከ አራት። ከአራት ካለፈ መንጠቆውን ይውጠዋል። መንጠቆ ሆዱ የገባ ዓሣ ደግሞ ብትለቀውም አይድንም። ትንሽ ሆኖ ልንለቀው የሚገባ ዓሣ ውጦ ሲወጣ ሑመድ ዓሣውን አያይም፣ እኔን ነው የሚያየኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ እንዲህ አንዴ አየኝ። ሁለተኛ አላስደገምኩትም።

ሰው ሁሉ ቸኩሎ መሳብን ነው የሚፈራው። አንተ ቸኩለሃል ይሉሃል። ዘግይተሃል የሚልህ የለም።

ቅዳሜ እንደ ልማዴ ኢሪዝ ሄድኩ። ከለንደን ብሪጅ በባቡር ነው፣ በፍሪደም ፓሴ፣ ለአዛውንት በነጻ በሚሰጠው የጉዞ ካርድ። እዚያ ረጅም የኮንክሪት ድልድይ ወደ ቴምዝ ውስጥ ይገባል፤ መርከብ ድሮ ይቆምበት ነበር፣ አሁን የኛ ነው፣ የአጥማጆች። ወንዝ ነው ይሉኛል። ውኃው ሲሞላ የሚመጣው ከባሕር ነው፣ ዓሣውም የባሕር ዓሣ ነው። ሁለት ዘንግ ዘርግቼ፣ የባሕር ትል መንጠቆው ላይ ሰክቼ፣ ታጣፊ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጥቅምት ነው፣ ነፋስ አለ፣ ግን ፀሐይ ወጥታለች።

ከአራት ሰዓት ትንሽ እልፍ ሲል ከድልድዩ መግቢያ ሁለት ሰዎች ሲመጡ አየሁ። አንዱ ረጅም ወጣት ነው፣ ወንበር ተሸክሟል። ሁለተኛው ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ፣ ከዘራ ይዟል፤ ጫማው የቤተ ክርስቲያን ጫማ ነው፣ የተወለወለ። የት እንደምገኝ ማን ነገራቸው? ኣስካሉ ናት። በኋላ ስጠይቃት አላመነችም፣ አልካደችም።

"እንደምን አደርክ ምድሃኔ" አለ ተክለ ሃይማኖት። እርስዎው ቤት ቀርቷል።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሽ ተክለ ሃይማኖት። ምነው በዚህ ብርድ?"

"ባርኮት ባሕር ላሳይዎት ብሎ አመጣኝ። ይኼ እኮ ወንዝ ነው።"

"ለሚያውቀው ባሕር ነው" አልኩ።

ባርኮት ወንበሩን ዘርግቶ አጎቱን አስቀመጠና ሁለት እጁን አጣምሮ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ እጁ የሥራ እጅ ነው። እውነቱን ለመናገር ልጁን አልጠላሁትም።

ስለ ጉዳዩ ማንም አላነሣም። ስለ ብርዱ አወራን፣ ስለ ባቡር አወራን፣ ስለ ተክለ ሃይማኖት ጉልበት አወራን። ባርኮት አንዴ እኔን አንዴ አጎቱን ያያል። ልጁ ወግ አያውቅም፣ ሰው የመጣበትን ለመናገር ይህን ያህል ዙሪያ መዞሩ ግራ ገብቶታል። በመጨረሻ፣

"ጋሽ ምድሃኔ፣ ሶሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለ። "እኔ ያጠፋሁት ምንድን ነው? ዋት ዲድ አይ ዱ?"

"ባርኮት" አለ ተክለ ሃይማኖት፣ በከዘራው መሬቱን መታ አድርጎ። "እንዲህ አይጠየቅም።"

"እንዴት ነው የሚጠየቀው ታዲያ?"

"አይጠየቅም።"

"አንተ ያጠፋኸው የለም" አልኩት ልጁን።

ተክለ ሃይማኖት ነገሩን ለማሳለፍ ይመስላል፣ ወደ ዘንጎቹ ዞሮ "እስቲ እኔም ልሞክር" አለ። ሁለተኛውን ዘንግ አንሥቼ እጁ ላይ አደረግኩለት። ክሩን ጠቋሚ ጣቱ ላይ አሳረፍኩለት፣ ሑመድ ለኔ እንዳደረገው። ጣቱ ቀጭንና ለስላሳ ነው፣ የጠመኔና የእስክሪብቶ ጣት። በዚያ ጣት ነው አንድ ጊዜ ለማኅበሩ መጽሔት የጻፍኩትን ግማሽ ገጽ ጽሑፍ በቀይ አርሞ በፖስታ የላከልኝ። አርባ አንድ ስሕተት። መጽሔቱ ላይ አላወጣውም።

ወዲያው ነካ። ተክለ ሃይማኖት ዘንጉን ወደ ሰማይ ነጠቀው፤ ባርኔጣው ሊወድቅ ባርኮት ያዘለት። መንጠቆው ባዶውን ወጣ።

"ያዝኩት መስሎኝ" አለ።

"ሸርጣን ነው። ትሉን በልቶ ሄደ።"

ሌላ ትል ሰክቼ ወረወርኩለት። ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ነጠቀ። ባዶ። ሦስተኛም ነጠቀ፣ ባዶ።

"አይንጠቁት" አልኩ። "ሲነካ ዝም ይበሉ። ሸርጣን ዕረፍት የለውም፣ ዝም ብሎ ያንኳኳል። ነካ አድርጎ ሲተወው ግን ጠፍጣፋው ነው፣ ፍላውንደር። ያኔ ቀስ ብለው ይቁጠሩ፣ እስከ አሥር። የዘንጉ ጫፍ አጎንብሶ ሳይመለስ ሲቀር ያንሡ። ማንሣት ነው፣ መንጠቅ አይደለም።"

"እስከ አሥር" አለ። መምህሩን እንደሚያዳምጥ ተማሪ ነበር የሚያዳምጠኝ። ባርኮት ፈገግ አለ። አጎቱን እንዲህ ሆኖ አይቶት አያውቅም መሰለኝ።

ትንሽ ቆየን። ጣቱ ላይ ሲነካው ፊቱ ላይ አየሁት። ሊነጥቅ ትከሻው ተነሣ፣ ተወው። አንድ፣ ሁለት እያለ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቆም አለና ወደኔ ዞረ።

"ምድሃኔ፣ አሁን ነው?" አለ።

ይኸው መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅኩት መጣ።

"አሁን ስለ ዓሣ ጥያቄ መጣ" አልኩ።

አልገባውም። ዘንጉን እንደያዘ ያየኛል።

"በዘጠና ስምንት፣ ኤሌፋንት፣ አዳራሹ ውስጥ። እጄን ሳወጣ፣ ስለ ዓሣ ጥያቄ ሲመጣ አንተን እናስነሳሃለን አሉኝ። ይኸው መጣ። ተነሥቻለሁ።"

እውነትም ቆሜ ነበር። መቼ እንደተነሣሁ አላወቅኩም።

ተክለ ሃይማኖት ብዙ አሰበ። ዘንጉ ጫፍ ላይ የነበረው ዓሣ ትቶት ሄደ፣ አላስተዋለም።

"እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?" አለ።

"እርስዎ ነዎት።"

"ስለ ምን ነበር የምንነጋገረው?"

"ስለ ልጆች ክፍል። ክፍል አግኝቼ ነበር። በነጻ።"

"በነጻ" አለ። "ያን ዓመት ክፍል አጥተን ልጆቹ ተበተኑ።"

"እኮ።"

ራሱን ነቀነቀ። "አላስታውሰውም። ዋሸህ አልልህም፣ ብዬ ይሆናል። ያን ጊዜ ብዙ እናገር ነበር። የሚያስቆመኝ አልነበረም። አሁን ስልኩ እንኳ አይጮህም፣ የምናገርበትም የለም።"

ይህን አልጠበቅኩም። ይክደኛል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት፤ ቢክደኝ የምለው ነበረኝ። ይስቃል ብዬም ተዘጋጅቼ ነበር። ረሳሁት ለሚል ሰው ግን ምንም አላዘጋጀሁም። ሃያ ስድስት ዓመት እኔ ስሸከመው የኖርኩትን እሱ አንድ ቀን እንኳ አላነሣውም።

"ጋሽ ምድሃኔ" አለ ባርኮት። "ዘንግዎ።"

"ገና ነው" አልኩ ሳልዞር። ተክለ ሃይማኖትን ነበር የማየው።

"ታዲያ ለዚህ ነው ቀን ያልሰጠኸን?" አለ ተክለ ሃይማኖት።

"ለዚህ ነው።"

"በኔ ነው እንግዲህ። ልጆቹ ምን አደረጉ?"

"ጋሼ" አለ ባርኮት እንደገና። "በጣም እየጎተተ ነው።"

"ገና ነው አልኩህ።" ወደ ተክለ ሃይማኖት ጠጋ አልኩ። "በቀይ ያረሙትንስ ያስታውሱታል? አርባ አንድ ስሕተት? እሱንም ረስተውታል?"

"ምድሃኔ" አለ፣ በረጅሙ ተንፍሶ። "በቀይ ያላረምኩት ሰው የለም። የሚስቴን ደብዳቤ አርሜ መልሼላታለሁ።"

ባርኮት ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ያኔ ነው የዞርኩት።

ዘንጌ ከመደገፊያው ሊወጣ ደርሶ ነበር፣ ክሩ ወደ ጎን ሄዷል። አነሣሁት። ክብደቱን ገና ሳነሣው አወቅኩ። ሩጫው አልቋል፣ ትግል የለም፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው የመጣው። ወደ ላይ ሳወጣው ባስ የሚባለው ዓሣ ነው፣ ይዞ የሚሮጠው ዓይነት፣ ብርማ፣ ቆንጆ፣ ግን ትንሽ፤ ሠላሳ ሴንቲ ቢሆን ነው። ከአርባ ሁለት በታች ይለቀቃል፣ ሕግ ነው። አፉን ከፈትኩ። መንጠቆው አይታይም። ክሩ ብቻ ነው ወደ ጉሮሮው የሚገባው፣ ከጉንጮቹ ሥር ደም ይንጠባጠባል።

ክሩን አፉ ሥር ቆረጥኩት። በድልድዩ ደረጃ ወርጄ ውኃው ውስጥ ቀስ ብዬ ይዤ ቆየሁ፣ ይተነፍስ ይሆናል ብዬ። ስለቀው በጎኑ ተንሳፈፈ። ሁለቴ ጭራውን አነቃነቀ። ከዚያ ነጭ ሆዱ ወደ ላይ ሆነ። የባሕር ወፍ ከላይ መጥታ አነሣችው።

ሁለቱም ወፏን በዓይናቸው ሸኙ። ተክለ ሃይማኖት ዓሣ አያውቅም፤ የሆነ ዓሣ ተይዞ ተለቀቀ፣ ወፍ በላው፣ ይኸው ነው ለእሱ። ባርኮትም አያውቅም። ድልድዩ ላይ የሆነውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጁ ሁለቴ ነግሮኛል። ሁለቴ ገና ነው ብዬዋለሁ። አፌ ገና ነው ሲል ዓይኔ የት ነበር? ሑመድ በሕይወት ቢኖር ዓሣውን አያይም ነበር።

እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ወጣሁ። ሐሙስ መዘጋጃ ቤት ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

"ነገ ኑ" አልኩ። "ከቅዳሴ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት።"

ተክለ ሃይማኖት ቀና አለ። "ቀን ነው የሰጠኸኝ?"

"ቀን ነው። ነገ።"

"ሽማግሎቹን ልጥራቸው?"

"ይጥሯቸው። ደረጃው እንደሆነ ያው ነው፣ ቀስ ብለው ይወጣሉ።"

ባርኮት አንዴ አጎቱን አንዴ እኔን አየ። "ይኼ እሺ ነው?" አለ። "ኢዝ ዛት ኤ የስ?"

"እሺ አይደለም" አለው አጎቱ። "ቀን ነው። እሺ ነገ ነው።"

"ከዛሬው በምን ይለያል?"

"ዝም በል አንተ። ትልቅ ነገር ነው የተሰጠህ።"

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ድልድዩ ጫፍ ሄደ። ለማን እንደሚደውል አልጠየቅኩም። ከነፋሱ ጋር ድምፁ ይመጣል፣ ቱሞሮ፣ ቱሞሮ ይላል።

አዲስ ትል ለተክለ ሃይማኖት ሰክቼ ወረወርኩለት። ስለ አዳራሹ ሁለተኛ አላነሣሁም። እሱ ግን ትንሽ ቆይቶ ውኃውን እያየ "ስለ ክፍሉ ብሰማህ ጥሩ ነበር" አለ። ይቅርታ አላለኝም። የእሱ ይቅርታ ይኼው እንደሆነ ገባኝ። ሙሉ አልነበረም፤ ከምንም ይሻላል ብዬ ወሰድኩት።

ከዚያ ጣቱ ላይ ነካው። ትከሻው አልተነሣም። ከንፈሩ ብቻ ነው የሚቆጥረው። የዘንጉ ጫፍ አጎነበሰ፣ ተመለሰ። አጎነበሰ፣ ተመለሰ። አጎነበሰና ቀረ። ዞሮ አላየኝም፣ ጥያቄውን ግን አንገቱ ላይ አየሁት።

"አሁን" አልኩ።

አነሣ። የእጅ መዳፍ የሚያህል ሳይሆን ሳህን የሚያህል ፍላውንደር ነው የወጣው፣ መንጠቆው ከንፈሩ ጫፍ ላይ፣ ልክ ሊሆን በሚገባው ቦታ። ተክለ ሃይማኖት ከዘራውን ጥሎ በሁለት እጁ ያዘው፤ የተወለወለው ጫማው ላይ ጭቃና ልጋግ ተንጠባጠበ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሎች ደረጃውን ወጡ። ተክለ ሃይማኖት ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አዲስ ነው፣ የሱቅ እጥፋቱ እንኳ አልጠፋም። ኣስካሉም አየችው፣ አይታም ወደኔ አየች። ዳናዊት ከእናቷ ጋር ኩሽና ውስጥ ናት፤ ወጉ እንደዚያ ነው፣ በሩ ግን በጣት ያህል ተከፍቷል።

"ተቀመጡ" አለች ኣስካሉ።

"መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም" አለ ተክለ ሃይማኖት፣ እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ። ከዘራውን በር ላይ ትቶታል። "እርስዎ በቀጠሩን ቀን መጥተናል። ዳናዊትን ለባርኮት እንዲሰጡን ደግመን እንለምናለን።"

እርስዎ ተመልሷል። ሰዓቱን አየሁ። ባለፈው ያቆምኩት አራት ደቂቃ ነው። ዛሬም ላቆመው እችል ነበር፣ ቤቱ የኔ ነው፣ ልጅቷ የኔ ናት፣ ሰውየውም አላስታውስም ያለኝ ሰው ነው። ከኩሽናው በር ዳናዊት ባጇን ስታንቀጫቅል ሰማሁ፣ ስትጨነቅ እንዲህ ነው የምታደርገው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የያዘችውን ነገር ታንቀጫቅላለች።

በሆዴ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ተክለ ሃይማኖት ዓይኔን አየ። ከንፈሬን ሲያይ ገባው መሰለኝ፣ የራሱም ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሦስት።

አራት ላይ "ሰጥተናል፣ ይቀመጡ" አልኩ።